ለማይሰማ ልጅ ምን ይወራል?

ማለዳ ከደሴ የተነሳሁት ስለ ጆሮ ነው። የልጅ ልጄ ዘይነባ እዚያ አምባሰል ውስጥ ከወለደች ሳምንታት አልፈዋል፤ ባሏ ሰይድ ደውሎ፣ «አባባ፣ ልጁ አይሰማም። በሆዷ ሳለ የጦርነቱ ከባድ መሣሪያ ጆሮውን ሳይነካው አልቀረም» አለኝ። እኔ ጡረተኛ ሹፌር ነኝ፤ ከድምፅ የማውቀው ጥሩምባ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ይዤ ልሂድ አልኩ።

ሐይቅ

ዕድሜዬን ሙሉ መሪ የጨበጥኩት ሰውዬ ከሚኒባሱ ኋላ ተጣጥፌ፣ ረዳቱ «ሽማግሌ፣ ጠጋ በሉ» ይለኛል። በለውጡ ሰሞን የተሰቀለው የሰላም ባነር ግማሹ ተቀዶ ይውለበለባል። መንገድ ዳር ከቀረ የተቃጠለ ታንክ ሥር ፍየሎች ጥላ ይዘው ያመሰኳሉ።

ሐይቅ ላይ ሲስተር አስቴርን አገኘኋት። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሥራዋ አራሶችንና ጨቅላዎችን ማየት ነው። ዋጋው ሽቅብ የወጣውን የሐይቅ ዓሣ እየበላን ነገሩን ነገርኳት።

«ልጁ ራሱ ይነግረናል» አለች።

«በዚህ ዕድሜው?»

«እርስዎ ዝም ካሉ ብዙ ይናገራል፣ አባባ ይማም።»

አምባሰል

እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ሲል በእግር። ሽቅቡን ስንያያዘው ማሽላው መሃል ቆም እያልኩ መልክዓ ምድሩን አደነቅኩ። አስቴር አድናቆቱ ከጉልበቴ እንደመጣ ገብቷት ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

ዘይነባ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ለእኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች፤ ለልጁ ግን ቃል አልወጣትም። አጫውችው ስላት፣ «ለማይሰማ ልጅ ምን ብዬ ላውራ፣ አባባ?» አለች።

ሰይድ ማስረጃውን አመጣ፤ መጥበሻና ጭልፋ። ልጁ እንደተኛ አጠገቡ መጥበሻውን በጭልፋው መታው። ልጁ ሁለት እጁን ወርውሮ ደነገጠ። ደገመው፤ ትከሻው ብቻ ተነቃነቀ። ሲሰልስ ሽፋሽፍቱ። ከዚያ በኋላ ምንም።

«አያችሁ? ጠያቂው ሁሉ እየሞከረው ይሄዳል፤ መጨረሻው ይኸው ነው።»

«መጀመሪያ ላይስ?» አለች አስቴር።

«እሱማ ይደነግጣል።»

«ያልሰማ ይደነግጣል እንዴ? ልጁ ሰምቶ፣ ምንም እንዳልመጣበት ሲያይ ተወው። እንቅልፉን ከጩኸት እየጠበቀ ነው። እናንተስ ያኔ፣ ሲተኮስ?»

ሰይድ መጥበሻውን አስቀመጠ። «በዚያ ሰሞን ዋሻ ገብተን ነበር። ኋላ ኋላ እየተተኮሰም ተኝተናል፣ ወላሂ።»

ልጁ ሲነቃ አስቴር ፊት ለፊቷ ይዛው፣ እኔን በቀኝ፣ ዘይነባን በግራ አቆመችን። መጀመሪያ እኔ ጠራሁት። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አለስልሼ ብጠራው ግንባሩን ቋጠረ። አልፈርድበትም፤ እኔም መስታወት ሳይ እንዲሁ ነው።

ዘይነባ ወደ ልጁ ጠጋ አለች። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለች።

እግሮቹ መራገጥ አቆሙ። ዓይኖቹ ቀድመው፣ ጭንቅላቱ ተከትሎ ወደ እሷ ዞረ።

«አወቀኝ?»

«ሆድሽ ውስጥ ሆኖ የሰማው ድምፅ ነው» አለች አስቴር።

ወዲያው ልጁ አዛጋና ፊቱን አዞረ። ዘይነባ ደነገጠች፤ «ጠላኝ።»

«አብሽሪ፣ ደክሞት ነው። አሳርፊው፤ ራሱ ይመለሳል።»

ጠበቅን። ተመለሰ። ቢሆንም አስቴር፣ ለክትባት ሲመጣ ጆሮው በባለሙያ ይታይ ብላ አስጠነቀቀች።

ደሴ

ቤቴ በገባሁ ማግስት ሰይድ ደወለ። «አባባ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከንጋት ጀምራ ስታወራው እኔ ልጄን ማናገሪያ አጣሁ።»

ከጀርባው የዘይነባ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጎረቤቷ ጥጃ። በመሃል ዝም አለች።

«ምነው፣ ምን ሆነች?» አልኩት።

ሰይድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልጁ ተራውን እየሰጠችው ነው።»

እኔ ጉዞው ያስተማረኝን ብጠየቅ ይኸን ነው የምለው፤ ሽምግልና ይዞኝ እንኳ ለማንም ተራ ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ልጁ እስኪመልስላት ዝም አልኩ።