አክስቴ ዘይነባ የያዘችው አበባ

ታናሽ እህቴ ሂክማ ልታገባ ነው። ዛሬ ከአክስታችን ከዘይነባ ጋር ሆነን በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ግሩነርሎካ ሰፈር ካለ አበባ ቤት የሙሽራ አበባ ልናዝላት ሄድን። ሂክማ የመረጠችው የደረቀ ሣር ነው፤ የዘንድሮ ሙሽሮች የሚይዙት እሱን ነው አሉ። እኔን ግን በሩ አጠገብ የነበረው የነጭ ጽጌረዳ ሽታ ያዘኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ዘይነባ ኒካሕ የታሰረላት በስልክ ነው፤ ሙሽራው ደሴ ሆኖ ቪዛ ይጠብቅ ነበር። ያኔ ፋሽኑ እስከ ጉልበት የሚንጠለጠል ነጭ ጽጌረዳ ነበር። እሱን ታቅፋ ያኔ ቫይትቬት ሰፈር በነበረው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ፎቶ ተነሳች።

“እማ፣ ሙሽራው ሳይኖር አበባው ለምንድን ነው?” ብዬ አያቴን ጠየቅኋት።

“እጇ ባዶ እንዳይታይ ነው ልጄ” አለችኝ።

ቪዛው ሁለት ጊዜ ተከለከለ። ሙሽራው በባሕር ልምጣ ብሎ ተነሳ። ከሊቢያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ሞቱንም ሕይወቱንም የነገረን የለም። ዘይነባም ሌላ አላገባችም።

ሂክማ ያኔ አልተወለደችም። ዛሬ አበባ ቤቱ ውስጥ “አክስቴ፣ የድሮ ሙሽሮች ምን ዓይነት አበባ ነበር የሚይዙት?” አለቻት።

“ኔይ፣ የለም፣ እኔ ምን አውቄ” አለች ዘይነባ። ቦርሳዋን ከፍታ መነጽሯን መፈለግ ጀመረች። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነበር።