የሰው እጅ ያልነካው ዳቦ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ልጅ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ በበራችን አለፈች። ወረቀት በዳቦ ሙቀት ሲላብ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ቀለምና እርሾ የተደባለቀበት። ወዲያው ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እያልኩ የምጠራት ዘሃራ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ዴም በሚባለው የስደት ሰፈራችን ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ነበርን። የወሎ ሴት ናት። ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ዓመታት ሠርታ ወገቧ እምቢ ሲላት ድፎ እየደፋች መሸጥ ጀመረች። ማዳሟ ስታሰናብታት ከሟች አባቷ መጻሕፍት መሀል አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጥታት ነበር፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገር የታተመ የዳቦ ማስታወቂያ። ጉንጯ የቀላ፣ ሪባን ያሰረች ልጅ ዳቦ ታቅፋለች፤ ዙሪያዋን ጭራቸው የተጠማዘዘ ፊደላት። ኻልቲ ዘሃራ ፎቶ ኮፒ አስነሥታ፣ ከልጅቱ እግር ሥር የራሷን ስም አስጽፋ፣ በየዳቦው መለጠፍ ያዘች። ምን እንደሚል አልጠየቀችም። ያቺ ድንቡሽቡሽ ልጅ ትበቃት ነበር። ገዢም በዛላት፤ ስሟ ሌላ ሰፈር፣ ሳጃና ድረስ ተጠራ።

እንግሊዝኛ መማሬን ስትሰማ ገዢዎቿ ፊት አስነበበችኝ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

«የሰው እጅ ያልነካው ዳቦ ይላል» አልኳት።

ለካ የማሽን ዳቦ ማስታወቂያ ኖሯል። ገዢዎቹ ሳቁ። እሷ ሊጥ የደረቀባቸውን እጆቿን ሻሿ ሥር ደበቀች።

«ወላሂ፣ ሰው ሳሞኝ ነው ለካ የኖርኩት» አለች።

በማግስቱ «ያላ» ብላ እጄን ይዛ ደንበኞቿን ደጅ ለደጅ ዞረች። ያነበብኩት እኔ ነኝና ምስክሯ እኔ ነበርኩ። በየበሩ ቆማ፣ «አፉ በሉኝ፣ በእጄ ነው የማቦካው» ትላለች። ብዙዎቹ ግራ ገባቸው፤ ወረቀቱን ያነበበ አልነበረማ። አንዲት ሴትዮ ግን ሌላስ ምን ደብቀሽናል ብላ በሯን ዘጋችባት። የክፍል ጓደኛዬ ቤት ስንደርስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷም ታፍር ነበር። አንድም ደጅ ግን አልዘለለችም።

ወረቀት የሌለው ዳቦ እንደ ድሮው አልሄደላትም። ገዢ ሲቀንስባት፣ በዚያ በታመመ ወገቧ ተመልሳ ሰው ቤት ገባች። በኋላም አገሯ ገባች አሉ።

እኔ ዛሬ ሳጃና ላለ ትልቅ ዳቦ ቤት ማስታወቂያ እጽፋለሁ። በየላስቲኩ ላይ «በእናት እጅ የተቦካ» የሚለው የኔ ነው። የሚያቦካው ማሽን ነው፤ አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከኻልቲ ዘሃራ የቀረችልኝ እፍረቷ ናት። ላስቲኩን ሰው እጅ ላይ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። እስካሁን ግን የማንንም ደጅ አላንኳኳሁም።