የሲስተር ኮከብ ደንብ

በዚያ ዘመን ጋምቤላ የተመደበ ጀማሪ ነርስ ሁሉ ሲስተር ኮከብን ያውቃታል። እኔ ተክሌ እባላለሁ፤ የጤና መሥሪያ ቤታችን የሬድዮ ሠራተኛ ነኝ። ክልሉ ገና በቁጥር፣ ክልል 12 ተብሎ በሚጠራባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከገጠር ጣቢያዎች ጋር የሚያገናኘን የእኔው ሬድዮ ብቻ ነበር። ስለዚህ የማወራው በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ባልሰማሁት ደስ ባለኝ።

ኮከብ በሰፈራው ጊዜ ከጎጃም በጤና ረዳትነት መጥታ፣ ኋላ ተምራ ነርስ የሆነች ናት። መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ደገኛ ጓዙን ሲሸክፍ እሷ ቀረች። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት "ሻንጣ የለኝማ" ብላ ታላግጥብኛለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ልጆቿ በየዓመቱ ተመርቀው የሚላኩልን ጀማሪዎች ነበሩ።

የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ጀማሪውን ከመድኃኒት ካርቶን ጋር ጭኖ ጣቢያው በር ላይ ማራገፍ ነበር። ይህን ያስቀረችው ኮከብ ናት። እያንዳንዷን ራሷ ትወስዳታለች፤ አንድ ጎጆ ውስጥ አብራት ታድራለች፤ ከሽማግሌዎቹና ከአዋላጆቹ ጋር ታስተዋውቃታለች። ጀማሪዋ የመጀመሪያዋን ወላድ ስታዋልድ ደግሞ ኮከብ የገዛ እጆቿን በነጠላዋ ከኋላዋ ታሳስራለች። "እጄ ካልታሰረ እነጥቃታለሁ፤ ከነጠቅኳት ደግሞ መቼም አትለምድም" ትል ነበር። ያ ወሊድ በሰላም ካለቀ በኋላ ነው ትታት የምትመለሰው።

አንድ ደንብ ነበራት። "በሬድዮ ስለ ራሳችሁ አታውሩ። ስለ በሽተኛ ብቻ።" ጀማሪ ሳለች ብቻዋን ሆና በሬድዮ አልቅሳ ነበር አሉ፤ የቢሮ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ሲስቁባት እንደከረሙ ኋላ ሰማች። ልጆቿ እንዳይሳቅባቸው ብላ ነው ደንቡን ያወጣችው። እኔም እውነቱን ለመናገር ደንቡን ወድጄው ነበር፤ የሰው ልቅሶ መስማት ሰልችቶኝ ነበር።

አቢጋኤል የመጣችው በ1988 ሚያዝያ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሳቂታ፣ ለጭቃ አገር ነጭ ሸራ ጫማ ገዝታ የመጣች። የደረሳት ከፑኝዶ ወዲያ በጊሎ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ጣቢያ ነበረች። ኮከብ ሃያ ቀን አብራት ከርማ ተመለሰችና "ይቺ እጇ የተባረከ ነው" አለችኝ። ስለማንም እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ነሐሴ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አቢጋኤል በሬድዮ ጠራችን። ኮከብ አጠገቤ ነበረች።

"በሽተኛ አለችኝ፣ ሲስተር። ሴት፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ትኩሳት ከጀመራት ሦስት ቀኗ ነው። ያስመልሳታል፤ በአፍ የሰጠኋት ሁሉ አልቀመጥ አለ።"

"ነፍሰ ጡር ናት?"

"አይደለችም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አለች፤ የሳቀች መሰለኝ።

"እንግዲያው ለወባው ኩዊኒኑን በግሉኮስ አድርገሽ በደም ሥር ስጪያት። ጠብታውን ቀስ አድርጊው። አስታማሚ አላት?"

"እኔ አለሁ።"

"ጎሽ፣ የኔ ልጅ" አለቻት ኮከብ።

ወዲያው ኃላፊያችን ዘንድ ሄዳ መኪና ጠየቀች። መንገዱን ውሃ ቆርጦታል፤ ውሃው ከጎደለ ሐሙስ ይኬዳል ተባለች። ተከራከረች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ እሺ ብላ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት አቢጋኤል ደም ሥር እንዳስቸገራት ነገረችን። መርፌው በሦስተኛው ሙከራ ነው የገባላት።

"ምነው፣ አንቺ እኮ እጅሽ ጥሩ ነበር?" አለቻት ኮከብ።

"ትንቀጠቀጣለች፣ ሲስተር።"

ድምፅዋ ተጎትቶብኝ ጣልቃ ገባሁ። "አቢጋኤል፣ ድምፅሽ ደከመብን።"

"ባትሪው ነው፣ ጋሽ ተክሌ። ደመና ስለሆነ ፀሐይ አላገኘም።"

እኔም አመንኳት። ባትሪ ሲደክም ድምፅ ይቆራረጣል እንጂ እንደ ሰው አይጎተትም፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ያኔ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው። አመንኳትና ወደ ሌላው ጣቢያ ዞርኩ። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ራሷ ጠራችን። አስተውሎ ላዳመጣት ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የምታወጣው።

"በሽተኛዋ እንዴት ናት?" አለች ኮከብ።

"ትፈራለች፣ ሲስተር።"

"እጇን ያዥላት። ነገ እኔው ራሴ እመጣለሁ በያት።"

"እነግራታለሁ" አለች።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው አልመለሰም። እኛ አሁንም ባትሪው ነው አልን። ኮከብ የመድኃኒት ካርቶኗን አቅፋ መኪናው ላይ ወጣች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ መኪናው ጭቃ ያዘውና የመጨረሻውን መንገድ በእግሯ፣ ውሃውን እስከ ወገቧ ገብታ ሄደች። ጣቢያው በር ላይ የጠበቃት ዘበኛው ኦቻን ነበር። በአማርኛ ማንንም "አንቱ" ብሎ የማያውቅ፣ አማርኛን ከነርሶች የለመደ ሰው ነው።

"አንቺ ዘገየሽ" አላት።

"በሽተኛዋስ?"

"በሽተኛ ሌላ የለም። እሷ ናት። ራሷ ናት።"

ኮከብ ነገሩ አልገባትም ነበር። ኦቻን ነጠላ ወደተከደነበት አልጋ ወሰዳት። "ጠርሙሱን እኔ ያዝኩ። መርፌውን ራሷ ወጋች፣ በአንድ እጅ። ለሬድዮ ንገሪ አልኩ። እምቢ አለች። ሲስተር ኮከብ ስለ ራስ አይወራም ብላለች፣ አለች። ማታ ሞተች።"

ትራስጌዋ ካርድ ነበር። አቢጋኤል ሕመምተኛ ስትቀበል እንደምታደርገው ሁሉ ለራሷም ካርድ አውጥታ፣ ኮከብ በሬድዮ ያዘዘቻትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፋበታለች። ወደ ታች ፊደሉ ይንጋደዳል። ተጠሪ የሚለው ቦታ ላይ "ሲስተር ኮከብ" ይላል።

አስከሬኗን ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤተሰቧ የሸኘችው ኮከብ ናት፤ አብራም ሄደች። እናቲቱ "ማን አስታመመልኝ?" ብለው እንደጠየቋት ነገረችኝ። ምን ብላ እንደመለሰችላቸው አልነገረችኝም።

ከሄደችበት እንደተመለሰች ሬድዮ ክፍል ገብታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

"ተክሌ፣ ደንቡ ብቻ አይደለም የገደላት" አለች። "እሷ መሆኗን ባውቅ ሰኞ ዕለት በእግሬ እወጣ ነበር። ለማላውቃት ሴት ግን መኪና ጠበቅሁ። ያቺም እኮ የሰው ልጅ ነበረች።"

አብሬያት አለቀስኩ።

በሳምንቱ ወደዚያች ጣቢያ እንድትመደብ ማመልከቻ አስገባች። ሰው ሁሉ ከገጠር ወደ ከተማ ለመዛወር ደጅ በሚጠናበት አገር፣ ኃላፊያችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመላት። ከዚያ ወዲህ ጀማሪዎች ወደየጣቢያቸው ከመሄዳቸው በፊት አንድ ወር እሷ ዘንድ ይቀመጣሉ። ገና የደረሱ ዕለት፣ ሕመምተኛ ሳያዩ፣ በየራሳቸው ስም ካርድ ታስወጣቸዋለች። "የመጀመሪያው ካርድ የራስሽ ነው" ትላቸዋለች። የድሮውን ደንብ እንደሻረችው በአፏ ነግራቸዋለች። አሁን በሬድዮ ራሳቸውን አሟቸው እንደሆነ፣ ከፍቷቸው እንደሆነ ይነግሩኛል፤ እኔም ሳልሰለች እሰማለሁ። የሚስቅ ካለ ከክፍሌ አስወጣለሁ።

እሷም ጠዋት ጠዋት ትጠራኛለች። ድምፅዋ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄዷል። የሕመምተኞቹን ነገር ከጨረስን በኋላ ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ።

"አንቺስ ኮከብ፣ እንዴት ነሽ?"

"ስለ በሽተኛ ብቻ፣ ተክሌ" ትለኛለች፤ ሬድዮውንም ትዘጋለች።