አሥራ አራት ዓይነት ስም ያለው ወንድሜ

ከድሬዳዋ የወጣሁት ሲመሻሽ በሚነሣው ባቡር ነው። አባባ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ግን ሊሸኘኝ የመጣው የባቡር ኮንትሮለርነት ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ድረስ ቆልፎ ነው። በዚያ ሙቀት! እናቴ ትስመኛለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትስመኛለች። ጎረቤት በመስኮት ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያቀብለኛል። አባባ ግን ቲኬቴን ተቀብሎ አገላብጦ አየና እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣

«ስንዱ፣ ዶላር ላኪልኝ አልልሽም» አለኝ። «ወረቀት ላኪልኝ። ጸጋዬ ካለ አለ የሚል፣ ከሌለም የለም የሚል። ማኅተም ያለበት።»

ጸጋዬ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከአብዮቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ለትምህርት ቴክሳስ ሄደ። አርሊንግተን ከምትባል ከተማ በየሁለት ወሩ ይጽፍልን ነበር። አንድ ጊዜ ደብዳቤው ቀረ። ከዓመት በኋላ ከጅቡቲ የመጣ ነጋዴ «የኮንትሮለሩ ልጅ አሜሪካ ሞተ ሲሉ ሰማሁ» ብሎ ገበያ ውስጥ አውርቶ ኖሮ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤታችን ገባ። እናቴ ለቅሶ ልትቀመጥ ስትል አባባ ከለከላት።

«በወሬ ልጄን አልቀብርም። ባቡር እንኳ ዘገየ የሚባለው ቴሌግራም ሲመጣ ነው» አላት።

እንዲህ ሆነንላችሁ አሥራ አምስት ዓመት ኖርን። አላለቀስንም፣ አልሳቅንም። እናቴ በየበዓሉ ለጸጋዬ የሚሆን ወጥ ለብቻ ታስቀምጣለች፣ አባባ ያያል፣ አይከለክላትም።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ፣ ማለቴ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ዳላስ ገባሁ። ያረፍኩት ሌክ ሃይላንድስ ከወይንሸት ጋር ነው። ወይንሸት የድሬ ልጅ ናት፣ አብረን ነው የተማርነው፣ አሁን ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፣ እሑድ ደግሞ በአማርኛ ቸርች ትዘምራለች። እኔም ነርሲንግ ሆም ሥራ አገኘሁና አሮጊቶች ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር ጀመርኩ።

ሙቀቱን አትጠይቁኝ። «ለድሬ ልጅ ምን ይገርማታል» ትሉ ይሆናል። የድሬ ሙቀት እኮ ይሉኝታ ያውቃል። በምሳ ሰዓት ይመጣል፣ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋለታል፣ ሰው ሽርጡን ታጥቆ ይተኛለታል፣ አመሻሽ ላይ ከደቻቱ ወንዝ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም ታጥቦ፣ ተቀባብቶ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ይወጣል። የዳላስ ሙቀት ግን እንግዳ ሆኖ የማይስተናገድ ነው። ውጭው እሳት፣ ቤቱ በረዶ፣ እኔ በሐምሌ ሹራብ ለብሼ አንሶላ አጥፋለሁ። መንገድ ላይ ሰው የለም። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ በእግሬ ስሄድ አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ «ኸኒ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። በእግር መሄድ ሕመም ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቀን ለወይንሸት ስለ አባባ ወረቀት ሳወራት፣

«ታዲያ ለምን ኦፕን ሪከርድስ አትጠይቂም?» አለችኝ። «እዚህ አገር የመንግሥት ወረቀት የሕዝብ ነው ይላሉ። ጽፈሽ ከጠየቅሽ ይሰጡሻል።»

ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ድሬዳዋ ከወንበር ወንበር ሳልዛወር አሥራ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ወረቀት በመጠየቅ ብቻ አይወጣም። ማመልከቻ አለ፣ «ለሚመለከተው» አለ፣ «ነገ ተመለሱ» አለ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በሽቦው መስኮት በኩል የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ለምን ፈለግሽው?»

ሶ ለዚያ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ተዘጋጀሁ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ ወይንሸት አረመችልኝ፣ አንሶላ ሳጥፍ በቃሌ አጠናሁት። የጸጋዬን ፎቶግራፍና የመጨረሻ ደብዳቤውን ይዤ፣ የቸርች ልብሴን ለብሼ፣ በወይንሸት መኪና አርሊንግተን ሄድኩ። ባቡር የለ፣ አውቶቡስ የለ፣ ሰው ካላደረሳችሁ አትደርሱም።

የፖሊስ መዝገብ ክፍል መስኮት ላይ ዶና የምትባል፣ ፀጉሯ ተነፍቶ እንደ ድፎ ዳቦ የቆመ ሴት ተቀምጣለች። ፎርም ሰጠችኝ። ሞልቼ መለስኩላትና ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«ወንድሜ ነው። እናቴ አሥራ አምስት ዓመት...»

እጇን አነሣች። «ኸኒ፣ ለምን እንደ ፈለግሽው መጠየቅ አይፈቀድልኝም።»

«ግድ የለም፣ ልንገርሽ።»

«አያስፈልግም። ሕጉ ነው።»

«ግን እኔ መናገር እፈልጋለሁ።»

«ከኋላሽ ሰባት ሰው አለ፣ ስዊቲ። በአሥር የሥራ ቀን ደብዳቤ ይደርስሻል።»

አለቀ። ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ወይንሸት የከለከሉኝ መስሏት ልትጣላቸው ተነሣች። እኔ ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። ድሬ መዝገብ ቤት፣ በእኔ መስኮት አንዲት እናት ይመጡ ነበር። በቀይ ሽብር የታሰረ ልጃቸው ስሙ በየትኛው ዝርዝር እንዳለ ለማወቅ ነው የሚመጡት። «ለምን ፈለጉት? ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» ብዬ ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። በአራተኛው አልመጡም። አለቃዬ ያዘዘኝን ነው ያደረግሁት፣ እውነት ነው። ግን መልካቸው ያን ቀን አርሊንግተን ፓርኪንግ ውስጥ መጣብኝ።

ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። «በጠየቁት ስም ምንም ሰነድ አልተገኘም» ይላል። ወይንሸት አቀፈችኝና «ተይው፣ ጸልዪበት» አለችኝ። ጸለይኩ። ግን የመዝገብ ቤት ሰው «የለም» ሲሉት አያምንም። «የለም» ማለት «ቦታው አይደለም» ማለት ነው። እኛ መዝገብ ቤት ፋይል ሲጠፋ ምክንያቱ ሁለት ነበር፦ ወይ የአባት ስም ቀድሞ ተጽፏል፣ ወይ ጸሎቱን ጸ በፀሐዩ ፀ ለውጠውታል። እዚህ ደግሞ ጸን በአንድ ፊደል መጻፍ እንኳ አይችሉም። ወረቀት አወጣሁና በቲ፣ በኤስ፣ በሁለቱም፣ በዜድ፣ አባባን ከፊት፣ አባባን ከኋላ እያደረግሁ ጻፍኩት። ለዶና ወሰድኩላት።

አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ወንድም ነው የጠፋብሽ?»

«አንድ።»

«እዚህ ላይ የአሥራ አራት ሰው ስም አለ።»

«ሁሉም እሱ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች። «የት ነው የተማርሽው ይኼን?»

«መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው።»

እስከዚያች ቀን ድረስ አሜሪካ ውስጥ ምን እንደ ነበርኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዶና ወረቀቱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። የድሮ ሰነድ የሚቀመጥበትን ማይክሮፊልም ራሷ እንዳየችው ኋላ ነገረችኝ። በአምስተኛው ቀን ኮል አደረገችልኝ፣ በማግሥቱ ሄድኩ።

«አንድ አግኝቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የትራፊክ አደጋ ሪፖርት ነው። ግን ወንድምሽ ጸጋዬ ነው ብለሽኛል፤ የዚህ ሰው ስም ኃይሉ ነው። ላስት ኔሙ ነው ጸጋዬ።»

«ኃይሉ የአባታችን ስም ነው።»

«ኦ። እንግዲያ የሞተው አባትሽ ነው?»

«አባቴ ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ ወረቀት እየጠበቀ ነው።»

አንድ ኮማ ነች ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው። ገና ሲመጣ እንደ አገራቸው ደንብ የአባት ስም አስቀድመው ሲጽፉ ከኃይሉ ቀጥላ የነበረችውን ኮማ አንዱ ዘንግቷት፣ ወንድሜ እዚህ አገር በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሯል።

ሁለት ገጽ ነው ሪፖርቱ። ዝናብ የዘነበበት ጠዋት ነው። መንገድ ዳር ሞተሯ የጠፋባት ሴት መኪናዋን ስትገፋ አይቶ ወረደ። አብሯት ሲገፋ ከኋላ የመጣ ከባድ መኪና ተንሸራቶ መታው። ሴትዮዋ ተርፋለች። ቃሏን ሰጥታለች፦ «ስሙን አልጠየቅሁትም» ይላል ቃሏ። ከታች «አስከሬኑን የተረከበች፦ የቤት አከራይ» ይልና ስምና አድራሻ አለ።

ዶና ከመስኮቱ ጀርባ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ትዝ ያለኝን ተናገርኩ።

«ማኅተም ይፈልጋል።»

«ኮፒው ይበቃል፣ ኸኒ።»

«ለአባቴ አይበቃውም።»

መሳቢያ ከፈተችና ከባድ የማኅተም ብረት አወጣች። ወረቀቱ ላይ ሁለቴ ተጫነችው።

ወይንሸት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ወደዚያ አድራሻ ነዳችልኝ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ ባለ አንድ ፎቅ አፓርትመንት ነው። ሰማንያ የሚሆናቸው ቀጭን አሮጊት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ገና መኪናው ሳይቆም ጮኹብን።

«ቫካንሲ የለም! እዚያ ደግሞ ፓርክ ማድረግ አይቻልም!»

«ቤት ፈልገን አይደለም» አለች ወይንሸት።

«ቸርችም አለኝ፣ ሰባኪ አልፈልግም!»

ምንም ሳልናገር ፎቶግራፉን አቀበልኳቸው። ወደ ብርሃን አዙረው ያዙት።

«ኃይሉ» አሉ።

የአባቴ ስም ከፈረንጅ አሮጊት አፍ ወጣ። እኅቱ ነኝ አልኳቸው። ከወንበራቸው ለመነሣት ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ እኔ ዝቅ አልኩላቸው።

ሚስ ሩት ይባላሉ። ጸጋዬ ስድስት ዓመት ተከራይቷቸዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቧንቧ የሚጠግነው፣ ሣር የሚያጭደው እሱ ነበር። «ሁልጊዜ እትዬ ይለኝ ነበር» አሉኝ። «ስጠይቀው ይስቅብኝ ነበር። የአበባ ስም ነው?»

«ታላቅ እኅት ማለት ነው» አልኳቸው። «አክብሮት አለበት።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው መጣ። «ሁለት ጊዜ ጻፍኩላችሁ» አሉ። «በፖስታው ላይ ባለው ሣጥን ቁጥር። ሁለቱም ተመለሰ። የረሳችሁት መስሎኝ በልቤ ተቀይሜያችሁ ነበር።»

«እኛ ደግሞ እሱ የረሳን እየመሰለን ነበር።»

የቀበሩት ከባላቸው አጠገብ፣ ለራሳቸው ባዘጋጁት ቦታ ላይ ነው። ይዘውን ሄዱ። ትንሽ ድንጋይ ነው፣ ኃይሉ ይላል። ቁጭ አልኩ፤ ለቅሶ እምቢ አለኝ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የብቻ ሥራ አይደለማ! አንዷ ታነሣለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ድካም ሲሆን ውኃ የሚያቀብል አለ፣ «በቃሽ» የሚል አለ። እዚያ ሣር ላይ ውኃ የሚረጨው ቧንቧ ብቻ ነው ትክ ትክ የሚለው። ወይንሸት መዝሙር ጀመረች፣ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሚስ ሩት ትከሻዬን ይዘው ቆሙ።

ወረቀቱን በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ከወር በኋላ ቅዳሜ ጠዋት፣ ድሬ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። አባባ ራሱ አነሣው።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ። ማኅተሙ ቀለም የለውም። በጣት ነው የሚነበበው።»

«አነበብከው?»

«ባቡር ላይ በለመድኳት ፈረንሳይኛ እያዘገምኩ። ስንዱ፣ ሟች ኃይሉ ይላል።»

«ስሙን ገልብጠውት ነው፣ አባባ። አንድ ኮማ...»

«ቆይ። ሰዎቹ በአፋቸው ማን እያሉ ነበር የሚጠሩት?»

«ኃይሉ።»

«ጎረቤቱም? ትምህርት ቤትም?»

«ሁሉም። ድንጋዩም ላይ እንደዚያ ነው።»

ወረቀቱ ያልሆነ ስም ስላለበት አልቀበልም ሊል ነው ብዬ ፈራሁ።

«እንግዲህ ልጄ ብቻውን አልነበረማ» አለ።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ አልዘጋውም። እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰማሁ። አንድ ቃል ነው የነገራት፣ አልያዝኩትም። ከዚያ የእናቴ ጩኸት መጣ፣ አሥራ አምስት ዓመት ታምቆ የቆየው። በሩ ሲከፈት፣ ወንበር ሲጎተት፣ ከላይ ቤት ያሉት ሴትዮ ሲያነሡ፣ የዳቦ ቤቷ ስትቀበል፣ ሁሉንም በድምፃቸው አወቅኋቸው። ሁሉም በሶማልኛውም፣ በኦሮምኛውም፣ በአማርኛውም ያለቅሳል። እኔ ሌክ ሃይላንድስ ኩሽና ውስጥ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ካርዱ አንድ ደቂቃ ቀረሽ አለኝ በእንግሊዝኛ።

አንድ ሰው ከደጅ እየሮጠ ገባ፣ ወንድ ነው፣ ድምፁን አላወቅሁትም፣ ምናልባት እኔ ከወጣሁ በኋላ የመጣ ጎረቤት ይሆናል። «ምን ሆናችሁ? ማነው የሞተው?» አለ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

መስመሩ ተቋርጦ ነበር።