እትዬ አስካለና የማክሰኞው ችሎት

እትዬ አስካለ በቀለ አርፈዋል። በካልጋሪም ሆነ ከካልጋሪ ውጭ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ፣ ምድር ቤታቸው ተከራይ ሆኜ የኖርኩት አልማዝ ነኝ። ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ተለዩን። ስለ እናትነታቸው ልጆቻቸው ይናገራሉ። እኔ የምጽፈው ብዙዎቻችሁ በወሬ ወሬ የሰማችሁትን፣ አንዳንዶቻችሁም የተቀየማችሁበትን ነገር ነው። ሌላ ሰው አዛብቶ ከሚያወራው እኔ ልናገረው ብዬ ነው።

እትዬ አስካለ አዲስ አበባ ሳሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እዚህ መጥተው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ልብስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ ፍርድ ቤቱ ከውስጣቸው አልወጣም። አዲስ የመጣ ሹፌር የትራፊክ ቲኬት ተቆርጦበት ሲቀርብ፣ ምሳ ቋጥረው አብረውት ይሄዳሉ፤ ኮሌታውን እያስተካከሉም ይመክሩታል። «ዳኛ ፊት እጅህን ኪስህ አትክተት፤ እውነት ብትናገርም የደበቅህ ትመስላለህ» ይሉት ነበር። እኔም ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ካለው መጋዘን ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ ደረጃው ላይ የተከደነ ሳህን የማላገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ለምን ይደክማሉ ብላቸው «ላንቺ አይደለም፣ ሳህኑ እንዳይቦዝን ነው» ይሉኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር ባለው ሳሎናቸው እናቶች ተሰብስበው የወንጀል ድራማ ያያሉ። እንግሊዝኛው ሲፈጥን ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። መርማሪው ገዳዩን ሊናገር አፉን ሲከፍት እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን ያቆሙታል። ከዚያ ችሎት ይሰየማል። እያንዳንዳችን ገዳዩ ማን እንደሆነ ተናግረን፣ ያየነውን ማስረጃ ማቅረብ አለብን። «ማስረጃ የሌለው ክስ ሐሜት ነው» የሚለው ሕጋቸው ነበር፤ ያለ ማስረጃ የከሰሰች የሁሉንም ሳህን ታጥባለች። ወይዘሮ ብርቄ፣ ከሁላችን ድምጿ የሚጎላው፣ እጇ ከሳሙና ተለይቶ አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ባየነው ታሪክ ውስጥ ጸጉር ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ለጥቂት ደቂቃ ብቅ አለች። ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና የምትኖር፣ እዚህ አገር ትራንስጀንደር የሚሏት ናት። መርማሪዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ፤ ካሜራው በእጆቿና በጉሮሮዋ ላይ ቆየ፤ ሙዚቃውም ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ ሲቆም ሁሉም በአንድ አፍ እሷን ከሰሷት። እትዬ አስካለም ሳቁና «እንግዲህ ለዚህችኛዋስ ማስረጃም አያስፈልግ» አሉ። ድራማውም እንደተባለው እሷን ገዳይ አደረጋት። ብርቄ አጨበጨበች።

ወይዘሮ ትርሲት ከሶፋው ጥግ ተነስታ ካፖርቷን አነሳች። ትርሲትን ብዙዎቻችሁ በጸሎት ቤቱ ታውቋታላችሁ፤ ዝምተኛና ሥራ ወዳድ ሴት ናት። ልጇ ኤድመንተን ለትምህርት ከሄደ ወዲህ ስለ እሱ ስትጠየቅ «ደህና ነው» ብላ ወሬ ትለውጥ ነበር። በሩ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እትዬ፣ የኔም ልጅ እንደዚያች ናት። አሁን ስሟ ሊያ ነው። ሰው አልገደለችም።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች። ብትወረውረው ይሻል ነበር።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ወደ ምድር ቤት ወርደው «መኪናሽን አሙቂ» አሉኝ። ስወጣ የአትክልቱን ዳር ከከበቡት ድንጋዮች አንዱን በጓንታቸው ከበረዶ እየፈለቀቁ አገኘኋቸው። በአገር ቤት የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ የተበደለው ይቅር እስኪለው እግሩ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ካልጋሪ ላይ አያለሁ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ወገብዎን ያማዎታል፣ በስልክ ይቅርታ ይጠይቁ ብላቸው «በስልክ አልሳቅኩም» አሉኝ። ድንጋዩን ጭነን ነዳሁ።

ትርሲት የምትኖርበት ኮርነርስቶን ሰፈር ደርሰን በሩን ስትከፍት፣ እትዬ አስካለ ጫማ በተደረደረበት መግቢያ ላይ ድንጋዩን ተሸክመው ተንበርክከው ነበር።

«ኧረ በእግዚአብሔር ስም እትዬ፣ ይነሱ! ይቅር ብያለሁ።»

«ያንቺን ሰማሁ። የተፈረደባት ግን ልጅቷ ናት። ትምጣ።»

ሊያ ከላይ ወረደች። ከኤድመንተን ተመልሳ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ከቤት ሆና በስልክ ደንበኛ የምታስተናግድ ናትና ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነበር። ረጅም፣ መነጽር ያደረገች፣ እናቷን ቁርጥ። አሮጊት ሴት ወለል ላይ ስታይ ደነገጠች።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ሺ ዱዊንግ?»

«ይቅርታ እየጠየቁሽ ነው። ይቅር ብያለሁ ካላልሽ አይነሱም።»

«ፎር ዋት? እኔ እኮ አላውቃቸውም።»

እትዬ አስካለ አንገታቸውን እንደደፉ «እኔም አላውቅሽም ልጄ። ሳላውቅሽ ነው የፈረድኩብሽ» አሏት።

እናቷ የማክሰኞውን ነገር ነገረቻት። ሊያ ወዲያው ይቅር አላለችም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ቲቪ ላይ ኦልዌይስ እንደዛ ነን» አለች። «ወይ ገዳይ፣ ወይ ሬሳ። ዩ ጌት ዩዝድ ቱ ኢት።» ማዳመጫውን ከአንገቷ እያወለቀች ደግሞ «አይ፣ አይለመድም» አለች። ከዚያ መጥታ ድንጋዩን ራሷ አነሳችው። ክብደቱን አልጠበቀችም መሰለኝ፣ አቅፋው ግድግዳውን ተደገፈች። «ይቅር ብያለሁ፣ ኦኬ? ፕሊስ ይነሱ።» እትዬ አስካለ ሲነሱ ትከሻዋን ያዙ፤ እንደያዙም አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ሊያ ሥራ በሌላት ማክሰኞ ሁሉ መምጣት ጀመረች። ብርቄና ጥቂት ሌሎች ቀሩ። ብርቄ ደውላ «እትዬ፣ ቃሉ የሚለውን ያውቁታል» ስትላቸው፣ «አውቀዋለሁ የኔ እህት። ሳሎኔ ውስጥ ግን ሰው በማንነቱ አይከሰስም፤ ስትናፍቂን ነይ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከልባቸው ይወዷት ስለነበር ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ድራማዎቹን አልተውናቸውም። እንዲያውም እትዬ አስካለ ቀድሞ ያላዩትን ማየት ጀመሩ። አንድ ጊዜ እንደ ሊያ ያለች ሴት ከመንገደኞች ማረፊያ ጀርባ ሞታ የተገኘችበትን ታሪክ አየን። ሐኪሙ አንሶላውን ገልጦ ለመርማሪው አንድ ነገር ጠቆመው፤ ያ ሁሉ ዓጀብ ስለ ሞቷ ሳይሆን ስለ ገላዋ ነበር። ሊያ «ሁልጊዜ ሲክሬት ያደርጉናል። እኔ ምንም አልደበቅኩም፤ ሥራ እሠራለሁ፣ ግሮሰሪ እገዛለሁ። ያንን ማን ፊልም ያደርገዋል?» አለች። እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው አዩት። ካለቀ በኋላ እንዲህ አሉ።

«በሌላው ታሪክ ሁሉ መርማሪው ሄዶ የሟችን እናት በር ያንኳኳል። እናትየዋ ታለቅሳለች፣ የልጇን ፎቶ ታሳያለች። የዚህችን እናት በር ማንም አላንኳኳም።»

ትርሲት ክፍሉን ለቃ ወጣች። እትዬ አስካለ ተከትለዋት ወጡ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈው ቆመው አየኋቸው። በዚያ ቤት ቴሌቪዥን ስናይ ያን ያህል የከበደኝ ቀን የለም።

ሕመሙ ሲበረታ ወደ ኩላሊት እጥበት ያመላልሷቸው ከነበሩት አንዷ ሊያ ናት። ማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ በስልኳ ድራማ ትከፍትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ አማርኛዋን ያርማሉ። ነርሷ የልጅ ልጅዎ ናት ወይ ብትላቸው «ገና ናት፣ እየለመንኳት ነው» አሉ። ሰው ላይ ሲያሾፉ ዓይናቸው እንጂ አፋቸው አይስቅም ነበር። ያን ሳቅ ዳግም አላየውም፤ አሁን እንኳ ስጽፈው ያንገበግበኛል።

እትዬ፣ የቀረውን ለእርስዎ ልንገርዎ፤ ከአልጋዎ ላይ ሆነው ያስጨነቅዎት እሱ ነበርና። «እኔ ስሄድ ያችን ልጅ ማን ያስገባታል?» ብለውኝ ነበር። በቀብርዎ ቀን ሊያና እናቷ ከሕዝቡ ርቀው፣ መኪኖቹ ዘንድ ቆሙ። ብርቄ አይታቸው ፊቷን አዞረች። ያጽናናሉ ብዬ የጠበቅኳቸው ሰዎችም መሬት መሬት አዩ። እኔና ማክሰኞ ከእኛ ጋር የምትቀመጠው የወሎዋ ወይዘሮ ፋጡማ ወደ እነሱ ሄድን፤ ሌላ ሰው አልመጣም። ልዋሽዎት አልችልም እትዬ፣ ብዙ አልነበርንም፤ እርስዎ ይህን ቢያዩ አይበቃም ይሉ ነበር።

አፈር ማልበስ ሲጀመር ሊያ «እኔም እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሂጂ አልኳት። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ አክብሮት ይሁን መሸሽ አላወቅኩም። ጓንቷን አውልቃ የበረደውን አፈር በባዶ እጇ ዘገነች፤ ቶሎም አልጣለችውም፣ በመዳፏ አሙቃ ነው የለቀቀችው። በሚቀጥለው ማክሰኞ እኔ ቤት ትመጣለች፤ ማንም ቢቀር እሷ ትገባለች። ደህና ይሁኑ እትዬ አስካለ። እኛ የጣልንብዎ አፈር ቢከብድዎ እንኳ የሷ እፍኝ ይቅለልዎ።