ሊዮና ከድንኳን የወጣችበት ማለዳ

ሚኒ ማቱሽ የመንደራችንን የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። «ያንቺ ድምፅ ካለ ጥሩንባ ምን ያደርጋል!» እያልን እንቀልድባታለን፤ እሷም ትስቃለች። የእህቷ ልጅ ሊዮና የመጣች ሰሞን ግን ሳቋ ጠፋ።

ሊዮና ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ሞታባት፣ የመንግሥት ሰዎች ወስደው ሩቅ ከተማ ለማያውቋት ሰዎች ሰጧት። ሚኒ ስንት ደጅ ጠንታ ስታስመልሳት ልጅቷ ስምንት ዓመት ሞልቷት ነበር። በሰሜን ካናዳ ከምንኖረው ከእኛ ከክሪዎች ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። በየማለዳው ሆዴን ትላለች። ነርሷ ብትመረምራት ምንም አላገኘችባትም።

አንድ ቀን ልጆቹ ሁሉ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲወርዱ፣ ሊዮና ወንበሩን ጨምድዳ ቀረች።

«ምነው የኔ እናት?»

«አልወርድም። አንቺ ከድንኳን አልወጣሽም፣ የኛ ሰው አይደለሽም አሉኝ።»

ሚኒ ክው አለች። በእኛ ዘንድ ሕፃን መራመድ ሲጀምር፣ አንድ ማለዳ ከድንኳን በእግሩ ይወጣል፤ ዛፍ ዞሮ ይመለስና የተሸከመውን ጭራሮ ወይም ዝይ ለሽማግሌዎች ይሰጣል። አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጠው ያን ቀን ነው። ሊዮና ያኔ እዚህ አልነበረችም።

ሚኒ በቀጥታ ሥርዓቱን ወደሚመሩት ወደ አባባ አቤል ሄደች።

«ስምንት ዓመቷ ነው?» አሉ ሽማግሌው። «ድንኳኑን በራሷ ተሸክማው እንዳትወጣ!»

«አባባ፣ የምሬን ነው።»

«እኔስ መች ቀለድኩ? ዝይዎቹ ሲመጡ ይዘሻት ነይ።»

በረዶው ቀልጦ ዝይዎቹ መጡ። በዚያ ማለዳ ሊዮና አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ ከሕፃናቱ መሀል ቆመች። ከሁሉም በቁመት ትበልጣለች። ፊቷ በኀፍረት ቀላ። ሚኒ «ምን ውስጥ አስገባኋት!» ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

የድንኳኑ በር ተከፈተ። ከፊት የነበረው ድንቡሼ ሕፃን ሕዝቡን ሲያይ እሪ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች። ሊዮና ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችለት። ተነሣ። ሁለቱ ተያይዘው ወጡ፤ በእሱ እርምጃ፣ ቀስ እያሉ ዛፉን ዞሩ።

«ጎበዝ! ሞግዚትም አገኘን!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሊዮናም አብራ ሳቀች።

አባባ አቤል ጭራሮውን ተቀብለው ግንባሯን ሳሟት። «ቆየሽብን እኮ ልጄ» አሏት። ሚኒ ድንኳኑ ጀርባ ሄዳ እስኪወጣላት አለቀሰች። ሊዮና እሳት ላይ ተንጠልጥሎ ከተጠበሰው ዝይ፣ ስቡ በአገጯ እስኪወርድ በላች።

የሆድ ሕመሙ ባንዴ አልለቀቃትም። እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ እንጂ። በመከር ወራት አስተማሪዋ ሚኒን አስጠራቻት፤ ሚኒ «ደግሞ ምን ሆነችብኝ?» እያለች ገባች።

«ልጅሽ ክፍል ውስጥ ወሬ አላቆም ብላለች። በዚያ ላይ በክሪኛ ትሳደባለች።»

ሚኒ ሊዮናን ከአስተማሪዋ ፊት በደንብ ተቆጣቻት። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን «እስቲ ድገሚልኝ፣ ምን ብለሽ ነው የተሳደብሽው?» አለቻት፤ ስትሰማም ሳቋ ከመንገዱ ማዶ እኛ ድረስ መጣ።