ራት ማለት ራት ነው

የዛሬ ሁለት ዓመት ኮልፌ ውስጥ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚኮራበት አንድ ሕግ ነበረው፤ ከግቢው በር ወዲህ አማርኛ ክልክል ነው። አማርኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ይንጠለጠልበታል። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ «አማርኛ ተናግሬያለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ከካርቶኑ የሚገላገለው አማርኛ በተናገረ ሌላ ጓደኛው ላይ ሲያሳብቅ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም በእነዚህ እጆቼ ያንን ካርቶን አንጠልጥያለሁ። ሕግ ነው ብዬ።

በዚያ ዓመት አንዲት ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተዛውራ ክፍሌ ገባች። እናቷ ጦር ኃይሎች አካባቢ የጫማ ሱቅ አላት። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ግን የታተመ ነው የሚመስለው። ያን ሰሞን የምናስተምረው ቤት የሚመቱ ቃላትን ነበር። ካት፣ ሃት፣ ባት፣ ራት። እኔ እያጨበጨብኩ እላለሁ፣ እነሱ ተቀብለው ይጮኻሉ። በመሃል እጇን አወጣች።

«ሚስ፣ ራት ምን ማለት ነው?» አለች፤ በአማርኛ።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ። «አይጥ ነው» ብል በቃ አንድ ቃል ነበር። አላልኩም። «ኢንግሊሽ ኦንሊ!» ብዬ ማጨብጨቤን ቀጠልኩ። ካርቶኑን ስላላንጠለጠልኩባት ደግነት የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ፈተና ሰጠሁ፤ ለእያንዳንዱ ቃል ሥዕል ሳሉ የሚል። ወረቀቷን ያየሁት ቤቴ ሄጄ ሳርም ነው። ካት ሥር ድመት አለች። ሃት ሥር ምንም የለም። ባት ሥር ከጉልበት በታች ያለ ወፍራም እግር አለ። ራት ሥር ደግሞ አንድ ትሪ፤ ትሪው ላይ እንጀራ፣ መሃሉ ላይ ቀይ ወጥ፣ ዙሪያውን የአራት ሰው እጅ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። ልጅቷ እኮ ባት ሲሏት ባት፣ ራት ሲሏት ራት ነው የሳለችው። ጠይቃኝ ነበር፤ ስከለክላት ከቤቷ የምታውቀውን ይዛ መጣች። ከአራቱ አንድ ብዬ ማረም አቃተኝና ወረቀቱን ሳላርመው አስቀመጥኩት።

አርብ ዕለት ዳይሬክተሩ ወረቀቶቹን ለቁጥጥር ሰበሰቡ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎን ይዘው የልጅቷን ወረቀት ከፍ አድርገው አሳዩ። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚያወራ ልጅ መጨረሻው ይኸው ነው አሉ፤ በእንግሊዝኛ። ትልቁም ትንሹም ሳቀ። ልጅቷን ወደፊት ጠርተው ካርቶኑን አንገቷ ላይ አጠለቁት። አላለቀሰችም። አቀርቅራ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

ከአስተማሪዎቹ መስመር ወጣሁ። ካርቶኑን ከአንገቷ አወለቅኩና ራሴ አጠለቅኩት።

«ሚስ! ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሩ። ደንግጠው ማይክሮፎኑን ረስተውት ኖሮ አማርኛቸው በግቢው ሁሉ አስተጋባ።

«ካርቶኑ አንድ ሆነ እንጂ ለእርስዎም ይገባ ነበር» አልኳቸው።

ልጆቹ በዚህኛውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የልጅቷን እጅ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ።

ያን ቀን ካርቶኑን አላወለቅኩም። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ትርጉሙን ጻፍኩ፤ በአማርኛ። ራት አይጥ። ባት የሌሊት ወፍ። ሃት ኮፍያ። ከዚያ ማን፣ ፋን፣ ቫን አልን። «ማን» ወንድ ማለት መሆኑን ሲሰሙ አንዱ «ማን መጣ?» ይላል፣ ሌላው «ወንድ መጣ!» ብሎ ይመልሳል። ጉድና ውድ ላይ ስንደርስ ያቺው ዝምተኛ ልጅ፣ «ሚስ፣ ጉድ ጥሩ ከሆነ፣ ጉድ ፈላ ሲሉ ጥሩ ፈላ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጆች በሚወሰዱበት ሰዓት ካርቶኑን እንዳጠለቅኩ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ወላጅ ፎቶ አነሳኝ። ወዲያው በወላጆች ቴሌግራም ተሰራጨ።

በማግስቱ እናትየዋ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሦስታችንም ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀመጥን።

«እርስዎ የሚከፍሉት ልጅዎ እንግሊዝኛ እንድታውቅ ነው» አሏት ዳይሬክተሩ።

«አዎ፣ እንድታውቅ ነው። እንዲሳቅባት ግን አይደለም። ልጄ ራት ሲሏት ራት ሳለች፤ ወላሂ እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የምስለው። ለመሆኑ ትርጉሙን ነግራችኋታል?»

«አልነገርኳትም» አልኩ። «ጠይቃኝ ከለከልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እናትየዋ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ዳይሬክተሩ የተሸነፍኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረጉልኝ።

«እንግዲያው የትምህርት ቤቱን ሕግ ስለመጣስሽም ይቅርታሽን እዚህ ላይ ጻፊ።»

«ይቅርታ የምጠይቃትን ጠይቄያለሁ» አልኩና ወረቀቱን መለስኩላቸው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ካርቶኑ በማንም አንገት ላይ አልታየም። ሌሎች ወላጆችም መጥተው ጮኸው ነበር። ሕጉ ተሰረዘ ብሎ የነገረን ግን የለም። እኔ እስከ ሰኔ በአማርኛ እያስረዳሁ እንግሊዝኛ አስተማርኩ፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ሁለቱንም ፈርሜ ተቀበልኩ፤ አካሄዴን ግን አልቀየርኩም። ልጅቷ በማጠቃለያ ፈተናው ከቃላቱ አንድም አልሳተች። የእኔ ኮንትራት አልታደሰም።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄድኩ። እዚያው ኮልፌ ነው፤ ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ፣ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ የሚቀመጥበት። የገባሁ ቀን፣ «በእኔ ክፍል ያልገባው ሰው ይጠይቃል፤ በአማርኛም ይቻላል» አልኳቸው።

ከኋላ አንዲት ልጅ ብድግ አለች። «በጉራጊኛስ?»

ክፍሉ አውካካ። እሷ ፍንክች አላለችም፤ መልሴን ትጠብቃለች።

«በጉራጊኛም ይቻላል» አልኳት። «ብቻ እኔ ስለማልችል መጀመሪያ አንቺ ታስተምሪኛለሽ።»

«እሺ» አለችና ተቀመጠች።